ቲቸር ወደ ክፍል የተመለሰችበት ጠዋት

እናቴን ሰፈሩ በሙሉ «ቲቸር» ነው የሚላት። ኮልፌ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሠላሳ አራት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምራለች። ከፍ ያለ ክፍል እንድትይዝ በተጠየቀች ቁጥር «እዚያ ያሉት እኮ ከኔ የሄዱት ናቸው፤ ምን አዲስ ነገር አለው?» እያለች እምቢ ትል ነበር። ስለዚህ ከእሷ ጋር ከዘነበወርቅ አየር ጤና በእግር መሄድ መከራ ነበር፤ መንገዱ አያልቅም። የታክሲ ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ቲቸር!» ይላል። ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ጉልበቷን ሊስም ይጎነበሳል። እሷም ሁሉንም በየስማቸው ትጠራለች፤ አንዳንዱን ከነአያቱ። አንድ ጊዜ ከረባት ያሰረ የባንክ ሥራ አስኪያጅ በሰው ፊት አቁማ «አሁንም ረን ገልብጠህ ነው የምትጽፋት?» ስትለው ሰውዬው ጆሮው ድረስ ቀላ።

እኔ አንድ ልጇ ነኝ። አየር ጤና አካባቢ ትንሽ ጋራዥ አለኝ፤ ሞተርና ካምቢዮ እሠራለሁ። ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው በእናቴ ግቢ ውስጥ ነው። እኔንም አንደኛ ክፍል ያስተማረችኝ እሷው ናት። ክፍል ውስጥ «እማዬ» ማለት ክልክል ነበር፤ አንድ ቀን አምልጦኝ ብጠራት ልጆቹ በሙሉ «እማዬ! እማዬ!» እያሉ ሳምንት ሙሉ አሳቀቁኝ።

ጡረታ በወጣች በስድስተኛው ዓመት ገደማ አንድ ለቅሶ ሁለቴ ደረሰች። ጠዋት ሄዳ አልቅሳ፣ አጽናንታ፣ ንፍሮ ቀምሳ መጣች። ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሣችና እንደገና ሄደች። ልክ መርዶው አሁን እንደደረሳት ሆና ከበሩ ጀምራ አለቀሰች። የሟች ቤተሰቦች «ቲቸር እንዴት ብትወደው ነው!» ብለው አደነቁ። እኛም ሳቅን። ከወር በኋላ ግን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገዱ ጠፍቷት አየር ጤና መገንጠያው ላይ ቆማ አገኟት። ከዚያ በኋላ አልሳቅንም።

አንዱ «እርጅና ነው» አለን፤ ሌላው «የሰው ዓይን ነው»። ጸበል ወሰድናት። ጸበሉን የሚያጠምቁት አባት ለብቻዬ ጠርተው «ጸበሉንም ትጠጣ፤ ሐኪምም ዘንድ ውሰዳት። አንዱ ሌላውን አይከለክልም» አሉኝ። እግዜር ይስጣቸው።

ሐኪሙ ወጣት፣ ትሁት ልጅ ነበር። «እማማ፣ ሦስት ቃላት እነግርዎታለሁ፤ ቆይቼ እጠይቅዎታለሁ» አላት። «ብርቱካን፣ ወንበር፣ ወንዝ።» ስለ ጤናዋ ጥቂት አጫወታትና «ቅድም የነገርኩዎት ሦስት ቃላት ምን ምን ነበሩ?» ሲል ጠየቃት።

እናቴ ትክ ብላ አየችው። «ረሳሃቸው? ሳታጠና መጥተህ ነው ሰው የምትጠይቀው?»

ሐኪሙ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ወረቀት ሰጥቶ ሰዓት እንድትሥል አዘዛት። ክቧን ያለ ኮምፓስ እንዲያ አድርጎ ማንም አይሠራትም፤ ቁጥሮቹን ግን ሁሉንም በአንድ ጎን ደረደረቻቸው፤ ሌላው ጎን ባዶ ቀረ። ጨርሳ ወረቀቱን ራቅ አድርጋ ያዘችና ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ያን አስተያየቷን አውቀዋለሁ፤ ደብተር የምታርምበት አስተያየት ነው።

«ይሄን የሣለው ልጅ ሰነፍ አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ግን አጠገቡ የሚቀመጥለት ሰው ያስፈልገዋል።»

ሐኪሙ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበላት።

በኋላ ነገሩን በቀስታ አስረዳኝ። በሽታው አልዛይመር ይባላል። እርግማን አይደለም፣ እብደትም አይደለም፤ አንጎልን ቀስ እያለ የሚጎዳ ሕመም ነው። ከእርጅና ጋር ይመጣል እንጂ እርጅናው ራሱ አይደለም፤ ያረጀን ሁሉ አይዝም። ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። «ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው የቅርቡ ነገር ነው» አለኝ። «የዛሬ ቁርሷን ትረሳለች፤ የልጅነቷን ግን ታስታውሳለች። ስትሳሳት አትሟገታት። እሷ ወዳለችበት አንተ ሂድ።»

«እሺ» አልኩት። ግን አልገባኝም ነበር። እኔ መካኒክ ነኝ፤ ብልሽት ካለ ይፈታል፣ ይጠገናል፣ ይገጠማል። ቤት ገብቼ ግድግዳውን በወረቀት ሞላሁት። «መፀዳጃ ቤት በዚህ በኩል ነው»፣ «ዛሬ መክሰኞ ነው»፣ «ምድጃውን አትንኪ»። በማግስቱ ጠዋት ስነሣ ወረቀቶቹ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ታርመዋል። ፀው ተከቦ ጸ ተደርጓል፤ መክሰኞም ማክሰኞ ሆኗል። ከሥሩ «6/10። ትችላለህ፤ ትኩረት ይጎድልሃል» የሚል አስተያየት ተጽፎበታል። ባለቤቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን ተናደድኩ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን በእውነት ተናደድኩ።

ከዚያ ደግሞ የአባቴ ነገር መጣ። አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «አባትህ እስካሁን አልገባም?» አለችኝ።

«እማዬ፣ አባዬ እኮ ሞቷል። ዘጠኝ ዓመቱ!»

መርዶውን ያን ጊዜ የሰማች ሆነች። «ሳትነግሩኝ ቀበራችሁት?» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። በማግስቱም ጠየቀች፤ እኔም እውነቱን ነገርኳት፤ እንደገና አለቀሰች። ውሸት መናገር ነውር ነው ብላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ምን ልበላት?

በሦስተኛው ቀን ይህንኑ ስትጠይቀኝ ጎረቤታችን ባለሱቁ ሐጂ ግቢያችን ውስጥ ነበሩ። አራት ልጆቻቸውን ፊደል ያስቆጠረችላቸው እናቴ ናት። እኔ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ቲቸር፣ እሱስ ይደርሳል» አሉ፣ በርጩማ ስበው አጠገቧ እየተቀመጡ። «እስቲ የሠርጋችሁ ዕለት የሆነውን ይንገሩኝ።»

ፊቷ በራ። የሙሽራው መኪና ጭቃ ውስጥ መቀርቀሩን፣ ሚዜዎቹ ልብሳችን ይቆሽሻል ብለው ሲግደረደሩ እሷ ቬሎዋን ሰብስባ ወርዳ መግፋቷን፣ አባቴም ከመሪው ኋላ ሆኖ «ግፊ! ግፊ!» ማለቱን ተረከች። በዕድሜዬ ሁሉ ሰምቼው የማላውቀው ታሪክ ነበር። ሐጂ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እሷም አባቴን መጠበቋን ትታ ራት በላች።

ሐጂን እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ እናትህን በየቀኑ ባል አትግደልባት» አሉኝ።

ሐኪሙ የነገረኝ ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ «አባትህስ?» ስትለኝ «እስቲ ስለ እሱ ንገሪኝ» እላታለሁ። አባቴን ይበልጥ ያወቅሁት ከሞተ በኋላ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ልናገር የፈለግሁት ዋናው ነገር የሆነው ግን በዓመቱ፣ በጥቅምት ወር፣ ሰኞ ጠዋት ነው። ባለቤቴ ልብስ ታጥባለች፣ የግቢው በር ክፍት ነበር። እኔ ጋራዥ የአንድ ሚኒባስ ካምቢዮ አውርጄ ዘርግቼዋለሁ። ስልክ ተደወለ።

«እናትህ የለችም» አለች ባለቤቴ። «ግራጫ ኮትና ጉርዷም የለም። ቦርሳዋም የለም።»

ካምቢዮውን እንደተበታተነ ትቼ በቱታዬ ሮጥኩ። ታክሲ መያዣው ጋ ደርሼ ስጮህ ረዳቶቹ ተሳፋሪ መጥራታቸውን ትተው ከመኪና መኪና ወሬውን አቀባበሉት፤ «ቲቸር ጠፍታለች! ግራጫ ኮት!» ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው በቆሼ በኩል ሄዱ። እኔ ዓይኔን ከአስፋልቱና ከጭነት መኪናዎቹ ሳልነቅል እሮጣለሁ። በየሱቁ አንገቴን እያስገባሁ ስጠይቅ አንዲት ሙዝ ሻጭ አስቆመችኝ።

«ቲቸርን ነው? አሁን አለፉ እኮ! ዘንጠዋል። ሰላም ስላቸው «ደወል ሊያልፈኝ ነው፣ በኋላ» ብለውኝ ገሰገሱ።»

ደወል! እንዴት እስካሁን አልመጣልኝም?

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ የማላውቀው ጥበቃ ቆሟል። እናቴ ከወጣች ወዲህ የተቀጠረ ነው። እያለከለክሁ «አንዲት ትልቅ ሴት…» ከማለቴ «ሱፐርቫይዘሯ? ገብተዋል» አለኝ።

«የምን ሱፐርቫይዘር?»

«ከክፍለ ከተማ የመጡት ናቸዋ። መታወቂያ ስጠይቃቸው «መጀመሪያ ቀጥ ብለህ ቁም፤ ቁልፍህንም ቆልፍ» አሉኝ። ቆለፍኩ። ገቡ።»

አንደኛ ክፍል የነበረበት ቦታ ነው ያለው፤ ቀለሙ ብቻ ተቀይሯል። በመስኮቱ አየሁ። ስልሳ የሚሆኑ ልጆች ትንፋሻቸውን ውጠው ተቀምጠዋል። መጨረሻው ዴስክ ላይ አንዲት ወጣት መምህርት ከልጆቹ ጋር ተጣብባ ማስታወሻ ትጽፋለች። ሰሌዳው ፊት እናቴ ቆማለች፤ ጠመኔ በእጇ።

«ለ ሁለት እግር አላት» ትላለች። «ሉ ወገቧ ላይ እጇን ዘረጋች። ሊስ?»

«ጫማ አደረገች!» ይላሉ ልጆቹ።

«ላ?»

«አንድ እግሯን አጠፈች!»

«ሌ?»

«አልቦ አሰረች!»

ያን ዕለት ጠዋት ቀኑን ብትጠየቅ አታውቅም ነበር። የገዛ መኝታ ቤቷን ስትፈልግ ትዞራለች። እዚያ ሰሌዳ ፊት ግን አንዲት ፊደል አልሳተችም። ድምጿ እንኳ የዱሮው ነበር፤ ዝግ ያለ፣ ግን መጨረሻው ወንበር የሚደርስ። መስኮቱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ገብቼ ይዣት መውጣት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ማዳመጤን ቀጠልኩ።

ዞር ስትል አየችኝ።

«አንተ! ሁልጊዜ የምታረፍደው አንተ ብቻ ነህ። ግባ!»

ገባሁ። ምን ላድርግ? ልጆቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ፤ ጉልበቴ አገጬ ሊነካ ደረሰ። «ጥፍር!» አለች እናቴ። ስልሳ ልጅ እጁን ዴስክ ላይ ዘረጋ፤ እኔም ዘረጋሁ። በየረድፉ እየዞረች ስታይ እኔ ጋ ደረሰች። ሃያ አምስት ዓመት መካኒክ የሆነ ሰው ጥፍር ምን እንደሚመስል መናገር አያስፈልግም።

«ይሄ ምንድነው?»

«ግራሶ ነው፣ ቲቸር» አልኩ። ከሰባት ዓመቴ ወዲህ እንዲያ ብዬ ጠርቻት አላውቅም ነበር።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አይዞህ፣ ታጥበህ ና» አለችኝ። ውጪ ያለው ቧንቧ ጋ ሄጄ ታጠብኩ። በሳሙና ቁራጭ ለረጅም ጊዜ አሸሁ፤ እየሳቅሁም እያለቀስኩም።

ደወሉ ሲደወል ወጣቷ መምህርት ማስታወሻዋን አቅፋ ወደ እናቴ ቀረበች። «ግምገማዬ እንዴት ነበር?» አለቻት፤ ፊቷ በፍርሃት ቀልቷል።

እናቴ ትከሻዋ ላይ እጇን አሳረፈች። «ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ልጄ። ስትጮሂ ጩኸቱን ነው የሚሰሙት፤ ቃሉን አይሰሙም።»

ይህ ሁሉ ሲሆን ርዕሰ መምህርቷ ተነግሯት እየተቆጣች መጣች። ወደ ጎን ወስጄ ማን እንደሆንን፣ እናቴ ምን እንደታመመች ነገርኳት። ወጣቷ መምህርት ስትሰማ ደነገጠች፤ ቆይታ ግን «ሱፐርቫይዘር ባይሆኑም ምክሩን ወስጄዋለሁ» አለች። ርዕሰ መምህርቷ ደረቅ ሴት መስላኝ ነበር። ልጆቹ ጉርዷን ይዘው የከበቧትን እናቴን አይታ «ቁርስ በልተዋል?» አለችኝ። ሻይና ዳቦ አስመጣችላት። ስንወጣ «ዓርብ ጠዋት የተረት ክፍለ ጊዜ አለን። አንተ አብረሃት ከሆንክ ትምጣ» አለች። ለጥበቃው ደግሞ ከእንግዲህ መታወቂያ ሳያይ ማንንም እንዳያስገባ ቁጣዋን አወረደችበት፤ እውነቷን ነው።

እንዲህ ሆኖ ያን ዓመት ዓርብ ዓርብ ጠዋት ጋራዤ ዘግይቶ ይከፈት ነበር። እናቴ ኮቷን ለብሳ፣ እኔ ጥፍሬን ታጥቤ እንሄዳለን። በሽታው አልተሻላትም፤ ሐኪሙም ይህ ሕክምና እንዳልሆነ ነግሮኛል። ግን ዓርብ ቀን ትበላለች፣ ትረጋጋለች፣ ማታም ደህና ትተኛለች። አንዱን የጅብና የአህያ ተረት ስድስት ዓርብ አከታትላ ነገረቻቸው። ልጆቹ አንድ ቀን «ሰምተነዋል» አላሉም፤ እንዲያውም ቃል ሲጠፋት አብረው ይሞሉላት ነበር።

«ከዚያ ያ… ያ… ሌሊት የሚሄደው…»

«ጅቡ፣ ቲቸር!»

«አዎ፣ ጅቡ! ጎበዞች።»

ርዕሰ መምህርቷ ለልጆቹ ነገሩን እንዳስረዳቸው ጠይቃኝ ነበር። ቲቸር ጭንቅላቷን እንዳመማት፣ ስለዚህ እንደምትረሳ፣ ሲያርሟት እንደምታዝን፣ ሲያግዟት ደግሞ እንደምትደሰት ነገርኳቸው። አንዷ እጇን አውጥታ «ይተላለፋል?» አለች። «አይተላለፍም» አልኳት። «እኔም እረሳለሁ» አለች ሌላዋ፤ «እናቴ ግን በሽታ ነው አትለኝም።» ስለ ሕመሙ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ብዙ ተነጋግሬያለሁ፤ እንደ እነዚያ ልጆች ቶሎ የተረዳኝ የለም።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ቀስ ብለው መጡ። እድር ላይ አንድ እሁድ ተነሥቼ ስለ እናቴ ተናገርኩ። ስንበተን አንድ የማውቀው ጎረቤት መንገድ ላይ ተከተለኝ። አባቱን «አብዷል» ብለው ጓሮ ክፍል ውስጥ ቆልፈውበት እንደሚውሉ በሹክሹክታ ነገረኝ። በሳምንቱ አብረን ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ዛሬ እኒያ አባት ጠዋት ጠዋት ከልጃቸው ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲንሸራሸሩ አያቸዋለሁ። ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም ይሉኛል፤ ማን እንደሆንኩ ባያውቁም።

በሰኔ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ የመጨረሻውን ዓርብ ሄድን። እናቴ ሰሌዳው ጋ አልሄደችም። ዘወር ዘወር ብላ አየችና ከልጆቹ መሃል አንደኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ወጣቷ መምህርት ወደ እኔ አየች፤ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁላት። እሷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ማስተማር ጀመረች። ሰሌዳው ላይ አንድ ፊደል ጽፋ «ይህን ማን ይነግረኛል?» ስትል እናቴ እጇን አወጣች። ክርኗን በሌላው እጇ ደግፋ፣ ልክ እንደ ልጅ፣ ከወንበሯ ብድግ ልትል እየደረሰች።

«እሺ፣ እርስዎ።»

«መ!» አለች እናቴ።

ክፍሉ አጨበጨበላት። እንዲያ ስትደሰት አይቻት አላውቅም። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ «አገኘሁት እኮ! ልክ ነው ያልኩት» ትለኝ ነበር። እኔም «ልክ ነሽ፣ አንደኛ ነሽ» እላታለሁ።

ከዚያ ክረምት ወዲህ ከግቢ አትወጣም። ቃላቶቿ አንሰዋል። እኔን «አባባ» ትለኛለች፤ አባቷን፣ የኔን አያት መሆኔ ነው። ባለቤቴን አንዳንዴ እህቷ፣ አንዳንዴ እንግዳ ታደርጋታለች፤ እንግዳ ባደረገቻት ቀን «ምነው ቆማ ቀረች፣ ወንበር አቅርቡላት» ትለናለች። ከባድ ቀን የለም ብዬ አልዋሽም፤ አለ። ልብሷን ስንቀይርላት የምትጮህበት፣ እኔም ትዕግሥቴ አልቆ ግቢ ወጥቼ የምቆምበት ቀን አለ። ከከባዱ ቀን ይልቅ የምንስቅበት ግን ይበዛል።

ባለፈው እሁድ ፀሐይ ላይ አስቀምጠናት ማንጎ እየላጥኩ አጎርሳታለሁ። ሐጂ ሊጠይቋት መጥተው አጠገቧ ተቀምጠዋል። እናቴ አገጯ ላይ የወረደውን ጭማቂ ስጠርግላት ትክ ብላ አየችኝና ወደ ሐጂ ዞረች።

«ይሄ ልጅ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ ቲቸር።»

«የኔ?» አለች ዓይኗን አፍጥጣ። «ውይ፣ እንዴት ታድዬ!»

ሐጂ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እሷ አፏን ከፍታ ቀጣዩን ቁራጭ ጠበቀች።